ለአባቴ ያነበብኩለት ደራሲ

መጀመሪያ እጄ የገባው መጽሐፉ ሽፋን አልነበረውም። ዲላ መናኸሪያ አጠገብ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ጋ፣ በፈተና መልመጃዎችና በመንፈሳዊ መጻሕፍት መሃል ተጋድሞ ነው ያገኘሁት። አከራዩ መታወቂያዬን ተቀብሎ፣ «እሱን ነገውኑ መልሺ፤ ፈላጊው ብዙ ነው» አለኝ። ፈላጊው ብዙ ቢሆን ኖሮ አቧራው ያን ያህል ባልወፈረ ነበር። መታወቂያዬ እሱ ዘንድ ሳምንት ከረመ።

የዚያን ደራሲ ስም አሁን መጥራት አልፈልግም። ከዳኝ። እኔን ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ በእኔ በኩል ገብቶ ነው አባቴን የከዳው። ግን መጀመሪያ እንዴት እንደወደድኩት ካልተናገርኩ የንዴቴ ልክ ለማንም አይገባም።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የሚበር ሰው፣ የሚናገር ዛፍ፣ ከዘንዶ ጋር የሚተናነቅ ልዑል ሲባል ፊቴን የማዞር ሰው ነኝ። ያን መጽሐፍ የወሰድኩትም ኔትወርክ ጠፍቶ በስልኬ የማደርገው ስላጣሁ ብቻ ነው። ታሪኩ ዝናብ በውርስ ስለሚተላለፍበት አገር ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ዝናብ አለው፤ ልጅ ሲያገባ ከአባቱ ዝናብ ተቆርሶ ይሰጠዋል፤ ድሃ የሚባለው ጠል ብቻ ያለው ነው። የአንዲት መበለት ዝናብ በባሏ ወንድሞች ይወሰድባትና ማዶ ያለው ማሳ ሲዘንብበት በደረቁ መሬቷ ላይ ቆማ ታያለች። ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚሆን ደራሲው አንድም ቦታ አያብራራም። ይዘንባል፣ አለቀ። ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር በሚያብራራበት ስብሰባ ስለምውል፣ ያ ዝምታው ልቤን ወሰደው።

ከዚያ በኋላ እንደ እብድ ፈለግኩት። አንዱን አንድ ተማሪዬ ከአጎቱ ቤት አመጣልኝ፤ ሌላውን አዲስ አበባ ለሥልጠና የሄደች ባልደረባዬ ይዛልኝ መጣች፤ የቀረውን አከራዩ፣ ምስጋና ይግባውና፣ ከየት እንደሆነ ሳይነግረኝ አወጣልኝ። ቅደም ተከተል የሚባል ነገር አልነበረኝም። በአንዱ መጽሐፍ ቀብሯ ላይ ያለቀስኩላትን፣ ከሰው ጥላ ጨርቅ የምትሠራ ሸማኔ፣ በሚቀጥለው ማር ሰርቃ የምትገረፍ ሕፃን ሆና አገኘኋት። አስተማሪዎች ክፍል ተቀምጬ እንባዬ ሲወርድ ባልደረባዬ ደንግጣ፣ «ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። «ወደፊት የምትሞት ልጅ ናት» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰላምታዋ ላይ ትንሽ ርቀት ጨመረች።

በወጣትነቱ የጻፈውን ቀጭን መጽሐፍ ሳይቀር አግኝቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር መጥፎ ነው። ጨረቃ በየገጹ ትወጣለች፤ ሰዎቹ ሲናገሩ አዋጅ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት። እሱን ካነበብኩ በኋላ ግን ሰውየውን ይበልጥ ወደድኩት። የዝናቡን መጽሐፍ የጻፈው ሰው አንድ ጊዜ ይህን ጽፎ፣ አፍሮ፣ ደግሞ ቁጭ ብሎ ተምሯል ማለት ነው። ለተማሪዎቼ ስለ ጥረት በተናገርኩ ቁጥር፣ ስሙን ሳልጠራ እሱን ነበር የማስበው።

እነዚህን መጻሕፍት ለብቻዬ ብበላቸው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ኢዲዶ እሄዳለሁ። ከዲላ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር። አባቴ እዚያ ቡናውን ይዞ ይኖራል። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል፤ አማርኛውም የገበያ አማርኛ ነው። በመከር ወቅት ቀኑን ሙሉ የቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆሞ ይውላል፤ እሸቱ አልጋው ላይ ተሰጥቶ እንዳይሻግት ያለማቋረጥ መገላበጥ አለበት። እሱ በአንድ በኩል ይቆማል፤ በማዶ በኩል አክስቴ የምላት የአጎቴ ሚስት ትቆማለች። የሁለቱ ቤት ቡና በአንድ አልጋ ላይ ነው የሚደርቀው።

ይህን ያደረጉት ሽማግሌዎች ናቸው። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። ዋንዛ ላይ ወጥቶ የቡናውን ጥላ ሲመለምል ነው። ትልቅ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ከሥር ያለው ቡና ላይ እንዳይወድቅ በገመድ ታስሮ ከታች ሌላ ሰው ይስበዋል። የሚስበው አባቴ ነበር። ቅርንጫፉ ወደ ውጭ መሳብ ሲገባው ተመልሶ ወንድሙን መታውና ከዛፉ ጣለው። ያኔ «ለመሬቱ ብሎ ነው» ያሉ ሰዎች ነበሩ አሉ። ነገሩ ሶንጎ ደረሰ። ሶንጎ በትልልቅ ዛፎች ሥር ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሜዳ ነው፤ እዚያ ተቀምጦ የሚዋሽ የለም ነው የሚባለው። አባቴ «ገመዱ ረጥቦ ነበር፣ አመለጠኝ» አለ። ካሣው ተከፈለ፣ ታረቁ፣ የመበለቲቱን ቡና እንደ ራሱ እንዲያይ ተወሰነበት። የታረቀ ነገር ደግሞ አይነሳም። እኔም ይህችን ያህል የሰማሁት ከሌላ ዘመድ እንጂ ከሁለቱ አይደለም።

እንግዲህ እኔ የአልጋው ጫፍ ላይ በርጩማ ይዤ ቁጭ እላለሁ፤ በአማርኛ የተጻፈውን እያየሁ በቋንቋችን በጌዴኡፋ እነግራቸዋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር አያለሁ፣ አንድ እናገራለሁ። እነሱ እጃቸው አያርፍም። የዝናቡ አገር የት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ደጋው ላይ ካለችው ከቡሌ በላይ ነው? የለም፣ ሰውየው ፈጥሮት ነው አልኳቸው። አክስቴ አላመነችም። «ያቺ መበለት ለምን ሽማግሌ አልላከችም?» ብላ ተቆጣች፤ የባሏን ወንድሞች ማን ማን ተቀምጦ ሊዳኛቸው እንደሚገባ ሰፈሩ ውስጥ ካሉት ሽማግሌዎች በስም መረጠች። አባቴ የመረጠቻቸውን አልተቀበለም፤ አንዱ ያዳላል አለ። እስኪመሽ ተከራከሩ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ በዚያ አልፎ ምን እንደምናነብ ሲጠይቅ አባቴ፣ «የእሷ ባዮሎጂ ነው» ብሎ መለሰለት። ያኔ ከሁለቱ ጋር የሳቅኩትን ሳቅ የትም ስቄው አላውቅም።

ቀድሜ እንዳላነብ አባቴ ከልክሎኛል። አብረን እንስማው ነው የሚለው። እኔም ለአዲሱ መጽሐፍ ሁሌ ቅዳሜን እጠብቅ ነበር።

ከሁሉም አባቴን የያዘው በረኛው ነው። ይህ በረኛ የአንዲት ከተማ በር ጠባቂ ነው። አንድ ሰው ከአውሬ እየሸሸ ወደ በሩ ሲሮጥ፣ በረኛው ድምፁን እየሰማ በሩን ሳይከፍት ትንሽ ይዘገያል። ትንሽ ብቻ። ሲከፍት አውሬው ቀድሞታል። ለምን እንደዘገየ መጽሐፉ አይናገርም፤ ከዚያ ወዲህ ግን በረኛው በሩን ክፍት አድርጎ እያደረ ከተማዋን ሌባ ይጫወትባታል። እዚህ ስደርስ አባቴ እጁን ከቡናው ላይ አነሳ። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ምዕራፍ ልጀምር ስል፣ «የለም፣ የበሩን» አለ።

ይህን ደስ ብሎኝ ለደራሲው ጻፍኩለት። ቴሌግራም ላይ ቻናል አለው። «ጋሼ፣ ኢዲዶ የሚኖረው አባቴ በረኛውን ደጋግሞ ያስነብበኛል» አልኩት። የድምፅ መልእክት መለሰልኝ፤ ለአንድ የንባብ ዝግጅት ዲላ ሊመጣ መሆኑን፣ ከአዳራሹ ይልቅ አባቴን ማየት እንደሚመርጥ ነገረኝ። መልእክቱን ለስንት ሰው እንዳሰማሁት አታንሱት። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሳይቀር አሰምቻለሁ።

መጣ። ሲያዩት ደግሞ የሚወደድ ሰው ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። አክስቴ ቆጮ በቅቤ አቀረበችለት፤ ሳያማርጥ በላ፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አላነሳም። ቡና ካላገላበጥኩ ብሎ አልጋው ላይ እጁን ሲሰድ እሸቱን እንደ ሊጥ አሸው፤ አክስቴ እጁን ይዛ አሳየችው። «ይሄስ ልጅ ነው» አለችኝ በጌዴኡፋ። እኔ ኩራቴን የማስቀምጥበት ቦታ አጥቼ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ሶንጎውን ላሳይህ አለው። አክስቴ ቡናው ዘንድ ቀረች፤ እኔ ለማስተርጎም ተከተልኳቸው። ዛፉ ሥር እንደተቀመጥን አባቴ በዚያ የገበያ አማርኛው፣ «ያች በረኛ ለምን ቆየች? ማነው ለአንተ የነገረህ?» አለው። ደራሲው ትንሽ አሰበና፣ «አላውቅም፣ አባባ። እርስዎ ያውቁ ከሆነ ይንገሩኝ» አለ።

አባቴ ወደ ጌዴኡፋ ገባ። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ነገር ወደ አማርኛ አወጣሁ፤ እሱ «እኔ» ሲል «እኔ» እያልኩ። «ያን ጠዋት ወንድሜ በሰው ፊት ሰነፍ አለኝ። አኩርፌ ነበር። ዛፉ ላይ ሆኖ ‹ሳብ!› ብሎ ጮኸ። ሰማሁት። እስቲ ደግሞ ይጩህ ብዬ ዝም አልኩ። ትንሽ ነው። ስስበው ቅርንጫፉ ተመልሷል። ገመዱ ደረቅ ነበር። እዚህ ቦታ፣ እዚሁ፣ ረጥቦ ነበር ብዬ ተናገርኩ።» ከዚያ ቀጥሎ፣ «ሳልሞት እውነቱን እዚሁ ቦታ ለአንድ ሰው መናገር ነበረብኝ። አንተ ታውቀዋለህ ብዬ ነው። ደግሞ እንግዳ ነህ፣ ትሄዳለህ» አለ። ይህንንም አስተረጎምኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ክፍል ውስጥ የለመድኩት ነገር ነው መሰለኝ። የአባቴን ነገር የሰማሁት ግን ከራሴ አፍ ነው።

ደራሲው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አባቴ፣ «ይሄ የሚጻፍ አይደለም። እሷ አለች» ብሎ በእጁ አክስቴ ወደቀረችበት አቅጣጫ አሳየ። ደራሲው ተነስቶ መዳፉን ዛፉ ላይ አደረገና፣ «አልጽፈውም፣ አባባ። እዚሁ ይቀራል» አለ። ማንም መሐላ አልጠየቀውም፤ በገዛ እጁ ነው ያደረገው። አባቴ ያን ሲያይ ትከሻው ቀለል ሲለው አይቻለሁ።

የመጨረሻው መጽሐፍ በሚቀጥለው የቡና መከር ወጣ። ዲላ የደረሰው ዓርብ ነው፤ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ይዤው አደርኩ፤ አልገለጥኩትም። ቅዳሜ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ በወዲህ፣ አክስቴ በወዲያ። ታሪኩ የበረኛው ነበር፤ ከወጣትነቱ ይጀምራል። ሁለቱም ደስ አላቸው። አክስቴ «ይኸው ለምን እንደዘገየ ሊነግረን ነው» አለች።

ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ዛፍ መጣ። ዋንዛ ነው። ገመድ መጣ። ምላሴ ይናገራል፣ ዓይኔ ግን ቀድሞ ወደታች ወርዷል። በመጽሐፉ ውስጥ ታላቁ «ሳብ!» ሲል፣ ታናሹ፣ በረኛው፣ ገመዱን እንደያዘ የወንድሙን ማሳ ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ይለካል፤ ለክቶ ሲጨርስ ገመዱን ይለቃል። ለመሬቱ ብሎ። ያኔ በአባቴ ላይ የተወራውን ወሬ ከሰፈሩ ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ወይም ደግሞ ማንም ሳይነግረው ራሱ ደርሶበታል። ከሁሉ በላይ ቆሽቴን ያሳረረው ግን ምዕራፉ ግሩም መሆኑ ነው። ከጻፈው ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው። የገመዱን ሸካራነት መዳፌ ላይ አሳክኮኛል።

«ከዚያስ?» አለች አክስቴ።

«ገመዱ ተበጠሰ» አልኩ።

እጆቿ ማገላበጣቸውን ቀጠሉ። «ወይኔ!» አለች፤ አዘነች። እኔም ቶሎ ብዬ ገጽ ልገልጥ ስል አባቴ፣ «አልተበጠሰም» አለ።

ቀና ብዬ ሳየው እኔን ነው የሚያየው። «ለመሬት ነው ብሎ ጻፈው?» አለኝ። መጽሐፉን ዘጋሁት። መልሱን ከዚያ ወሰደ። ከዚያ ወደ ማዶ ዞረ። «ለመሬት አይደለም» አላት። በሶንጎው የነገረንን ሁሉ፣ ስድቡን፣ ኩርፊያውን፣ ደረቁን ገመድ፣ ቡናው ላይ እጁን አሳርፎ ለእሷ ነገራት። ከመጽሐፉ ከምትሰማው ከእኔ ትስማው ብሎ ይሆናል። ወይም መሸከም በቅቶት ይሆናል።

አክስቴ እጆቿን ከቡናው ላይ አነሳች። ከዚያ የጠየቀችው ስለ ገመዱ አልነበረም።

«ይህን ለዚያ ሰውዬ ማን ነገረው?»

«እኔ።»

«የመጣ ቀን? ቆጮ ያበላሁት ቀን?»

«አዎ።»

«ልጅቷም ሰማች?»

«አስተረጎመች።»

እኔን አየችኝ፣ ደግሞ እሱን። «ይህን ሁሉ ዘመን ማዶ ለማዶ ቆመናል» አለችው። «በየመከሩ። ለእኔ አፍህ አልተፈታም፤ ለእንግዳ ተፈታ።» ነጠላዋን ከአልጋው ምሰሶ ላይ አንስታ በቡናው መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ ወደ ቤቷ ሄደች። አባቴ አልጠራትም፤ ምን ብሎ ይጥራት።

ይርጋጨፌ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ ለደራሲው ደወልኩለት። ወዲያው አነሳ፤ ድምፁ ደስተኛ ነበር። «ጨረስሽው? እንዴት አገኘሽው?» አለኝ። ዛፉ ላይ እጅዎን አላደረጉም ወይ ስለው እንደ ጠበቃ ተናገረ። «እሳቸው የነገሩኝን እኮ አልጻፍኩም። እሳቸው አኩርፈው ነው የዘገዩት፤ የእኔው ሰውዬ አስቦ የገደለ ነው። እሳቸው እንዳይሆኑ ብዬ ነው የለወጥኩት። ቃሌን ጠብቄአለሁ። ደግሞ ልብ ወለድ ነው፣ እህቴ።» በራሱ አምኖበታል። ያ ነው የባሰብኝ። ውሸታም ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«አንተ» አልኩት። በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው አንተ ብዬ አላውቅም። ከዚያ ስልኩን ዘጋሁት።

መጻሕፍቱን ላቃጥል አሰብኩ፤ አልቻልኩም። የዝናቡን መጽሐፍ አንድ ቀን ለመጥላት ብዬ ገለጥኩት፤ መበለቲቱ ደረቅ መሬቷ ላይ ቆማ የሰው ዝናብ ስታይ አሁንም አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅ ሰው እንዴት ያን ያደርጋል? ይህ ጥያቄ ያናድደኛል፤ መልሱን ስላላገኘሁት አይደለም፤ ገና እንደ አንባቢው ሆኜ ስለምጠይቅ ነው። የመጨረሻውንም እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አዎ፣ አነበብኩት። ለማወቅ ፈልጌ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባዶ እጄን ኢዲዶ ሄድኩ። አባቴ አልጋው አጠገብ ቆሞ በራሱ በኩል ያለውን ብቻ ያገላብጣል። በማዶ በኩል ያለው መሻገት ጀምሯል፤ ሽታው ከሩቅ ይመጣል። ላገላብጠው እጄን ስዘረጋ፣ «ተይው፣ የእሷ ነው» አለኝ።

ጥቂት ቆይቶ፣ «መጨረሻው ላይ ይታረቃሉ?» አለኝ።

መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር። «አይታረቁም» አልኩት። «የወንድሙ ሚስት በሯን ዘጋችበት። አርጅቶ ደጇ ላይ ሞተ።»

«አንኳኩቶ ነበር?»

አሰብኩ። «መጽሐፉ አይልም» አልኩት።

አባቴ ከቡናው ውስጥ አንድ የተበላሸ ፍሬ መርጦ ጣለ። «እኔ አንኳኩቻለሁ» አለ። «በየቀኑ። ውስጥ ናት። ስታስል ይሰማኛል።»